ገጹ ሲዘጋ ማኅበሩ ለምን ይበተናል?
ስለ ክፍትና ያልተማከለ ኢንተርኔት ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ ነው፤ የዕለት ተዕለት መገናኛችን በጥቂት ኩባንያዎች እጅ መግባቱ እና ከዚያ የሚወጣበት መንገድ መኖር አለመኖሩ። አምስቱን መርጠን፣ ጥቂት አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም በጥያቄያቸው መሠረት ትተን ከነመልሳቸው እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። በአሜሪካ የምንኖር የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አለን። ለረጅም ዓመታት በአንድ ትልቅ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ ነበረን፤ የስብሰባ ጥሪው፣ የመርዶውና የሠርጉ ማስታወቂያ፣ ለትምህርት ቤቱ የምንሰበስበው የመጻሕፍት እርዳታ ሁሉ የሚነገረው እዚያው ነበር። አንድ ቀን ገጹ «የአጠቃቀም ደንብ በመጣስ» ተብሎ ተዘግቶ አገኘነው። የትኛውን ደንብ እንደጣስን የሚነግረን ሰው አልተገኘም፤ አቤቱታ ብናስገባም የተመለሰልን ያው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹን የምናገኛቸው በገጹ ብቻ ስለነበር ስልካቸው እንኳ የለንም። ይህ ንብረታችን አይደለም ወይ? ከእንግዲህስ ምን እናድርግ? (የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የጻፋችሁት ጽሑፍና ያነሣችሁት ፎቶግራፍ የእናንተው ነው፤ የእነዚህ ድርጅቶች የአገልግሎት ውሎችም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ይላሉ። ገጹ ራሱ፣ የገጹ አድራሻ እና የተከታዮቹ ዝርዝር ግን በኩባንያው እጅ ናቸው፤ ስትመዘገቡ የተስማማችሁበት ውልም ኩባንያው በራሱ ውሳኔ ገጹን እንዲዘጋ ይፈቅድለታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖር ሰው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ መሠረት ለድርጅቱ የሰጠውን መረጃ ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህ መብት እንኳ የራስን መረጃ የሚመለከት ነው እንጂ የተበተኑ አባላትን ስልክ አያመጣም። ስለዚህ የጠፋባችሁ ትልቁ ነገር ፎቶግራፉ ሳይሆን የአባላቱ ዝርዝር መሆኑን በደብዳቤያችሁ መጨረሻ ላይ ራሳችሁ በትክክል ገልጻችሁታል።

በእኔ እምነት አንድን የኢንተርኔት አገልግሎት ክፍት ወይም ዝግ ብሎ ለመፍረድ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። ነገ ብወጣ ስሜን፣ ሰዎቼንና መዝገቤን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ? አገልግሎቱ ነጻ መሆኑ፣ ውብ መሆኑ፣ ባለቤቱ ደግ ሰው መሆኑ ይህን ጥያቄ አይመልሱትም። እናንተ ሦስቱንም አንድ ቦታ አስቀምጣችሁ ስለነበር ሦስቱንም በአንድ ጠዋት አጣችሁ።

ከእንግዲህ የምታደርጉት ነገር ብዙ ገንዘብም ሆነ ትልቅ ሙያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ የራሳችሁን የዶሜይን ስም ተከራዩ። የዶሜይን ስም በዓመት ጥቂት ዶላር የሚከፈልበት፣ የድረ ገጻችሁም የኢሜይላችሁም አድራሻ የሚሆን ስም ነው። ዋናው ጥቅሙ ስሙና ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር የተለያዩ መሆናቸው ነው፤ ዛሬ ድረ ገጻችሁን ያስቀመጠው ድርጅት ቢያስቸግራችሁ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ድርጅት ወስዳችሁ ስሙ ወደ አዲሱ ቦታ እንዲያመለክት ታደርጋላችሁ፤ አባላቱ ግን የሚያውቁት አድራሻ ያው ነው። ስሙ በአንድ ግለሰብ ሳይሆን በማኅበሩ ስም እንዲመዘገብ፣ የማሳደሻው ማስታወሻም ከአንድ በላይ ለሆኑ ሰዎች እንዲደርስ አድርጉ። ብዙ ማኅበራት ስማቸውን ያጡት የመዘገበው ልጅ ሥራ ወይም ከተማ ቀይሮ ማሳደሱ ሲረሳ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የአባላቱን ስምና ኢሜይል፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ በራሳችሁ መዝገብ ያዙ፤ ማስታወቂያውንም በቅድሚያ በኢሜይል ላኩ። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንደገና ገጽ መክፈት አትችሉም ማለቴ አይደለም፤ ሰዉ ያለው እዚያ ነውና ክፈቱ። ነገር ግን ዋናው ጽሑፍ በድረ ገጻችሁ ይውጣ፤ እዚያ የሚለጠፈው ቅጂው ይሁን። ገጹ ዳግም ቢዘጋ የሚቀርባችሁ አንድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ኢንተርኔት ከመነሻው ያልተማከለ ሆኖ ነው የተሠራው ብለውናል። ታዲያ እኔና ጓደኞቼ ቀኑን ሙሉ ከሦስትና አራት መተግበሪያዎች የማንወጣው ለምንድን ነው? ማስቶዶን የሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያስ ከሌሎቹ በምን ይለያል? (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህርዎ ያሉት ልክ ነው። ፖል ባራን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጡ ጥናቶቹ፣ አንድ ማዕከል ያለው የመገናኛ መረብ ማዕከሉ ሲመታ ሁሉም እንደሚቋረጥ፣ እያንዳንዱ መገናኛ ከብዙ ጎረቤት ጋር የተያያዘበት መረብ ግን አንዱ ቢጠፋ መልእክቱ በሌላው ዞሮ እንደሚደርስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1969 በካሊፎርኒያ ሁለት ኮምፒውተሮችን በማገናኘት የተጀመረው፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት የተባለ መረብ ከዚህ ሐሳብ ተጠቅሟል፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1983 ደግሞ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን ወደ ቀየሱት፣ ቲሲፒ/አይፒ ወደተባለው ፕሮቶኮል (የኮምፒውተሮች መነጋገሪያ ደንብ) ተሸጋገረ። የዚህ ፕሮቶኮል ትልቅነት የማንንም ፈቃድ አለመጠየቁ ነው፤ ደንቡን የሚያከብር መረብ ሁሉ ከሌላው መረብ ጋር ይነጋገራል። ቲም በርነርስ ሊ የፈጠረውን ዌብ (የድረ ገጾችን መረብ) ደግሞ ይሠራበት የነበረው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀው። ያ ውሳኔ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ድረ ገጽ ለመክፈት ፈቃድ የምንጠይቅበት ቢሮ ሊኖር ይችል ነበር።

ያልተማከለ አሠራር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ኢሜይልን ይመልከቱ። መልእክት ሲልኩ የእርስዎ ሰርቨር (አገልግሎቱን የሚሰጠው ኮምፒውተር) በአድራሻው ውስጥ ካለው @ ምልክት በኋላ የተጻፈውን የዶሜይን ስም ያነባል፤ ለዚያ ስም የሚመጣውን ደብዳቤ የትኛው ማሽን እንደሚቀበል ከዶሜይን ስሞች መዝገብ ይጠይቃል፤ ከዚያም በቀጥታ ለዚያ ማሽን ያስረክባል። በመካከል «የኢሜይል ኩባንያ» የሚባል ዋና መሥሪያ ቤት የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከአንድ የስዊድን ሆስፒታል ሐኪም ጋር ለመጻጻፍ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ተመሳሳይ አገልግሎት መግዛት አይጠበቅባቸውም።

ታዲያ እንዴት ተማከለ? አንዱ ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ከመረቡ ጋር የተያያዘ ኮምፒውተር ሁሉ የራሱ ቋሚ አድራሻ ነበረው፤ ላኪም ተቀባይም መሆን ይችል ነበር። አሮጌው የአድራሻ ሥርዓት የሚይዘው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ነው፤ የዓለም አቀፉ ክምችት የመጨረሻ ክፍልፋዮችም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ተከፋፍለው አለቁ። ስለዚህ ዛሬ በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አድራሻ ከብዙ ሰዎች ጋር ይጋራል፤ ከስልኩ ወደ ውጭ መጥራት ይችላል፣ ከውጭ ግን እርሱን በቀጥታ የሚጠራው የለም። ሁለት ጎረቤታሞች ፎቶ ለመለዋወጥ በሦስተኛ ወገን ማሽን በኩል ማለፍ ግድ የሚሆንባቸው በከፊል በዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የንግድ ነው፤ ይህኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ጃበር፣ በኋላ ኤክስኤምፒፒ የተባለው፣ ለፈጣን መልእክት እንደ ኢሜይል ክፍት የሆነ ፕሮቶኮል ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 የመልእክት አገልግሎቱን በዚሁ ፕሮቶኮል ጀመረ፤ ቆይቶም ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር እንዲነጋገር ከፈተው። በትንሽ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ከጉግል ተጠቃሚ ጋር ያወራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሃንግአውትስ የተባለው አዲስ አገልግሎት ሲመጣ ያ በር ቀረ። በትንንሾቹ ሰርቨሮች የነበሩት ሰዎች ጓደኞቻቸው በሙሉ በወዲያኛው በኩል ስለነበሩ ምርጫቸው ተከትሎ መግባት ወይም ብቻ መቅረት ሆነ። ክፍት ፕሮቶኮል መኖሩ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን፤ አብዛኛው ሰው በአንድ ሰርቨር ከተከማቸ የዚያ ሰርቨር ባለቤት በሩን ሲፈልግ ይዘጋዋል። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትልልቅ የመልእክት መተግበሪያዎች ለሚጠይቋቸው ሌሎች አገልግሎቶች መገናኛ እንዲከፍቱ የሚያስገድደው ይህን ታሪክ በማየት ይመስለኛል።

መማከሉ የሚያስከትለውን ለማየት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021ን ያስታውሱ። በፌስቡክ ውስጣዊ መረብ ላይ በጥገና ወቅት በተፈጠረ ስሕተት የኩባንያው አድራሻዎች የመረጃን መንገድ ከሚመሩት የዓለም ራውተሮች ላይ ጠፉ፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል በአንድ ጊዜ ተቋረጡ። የሌላው ዓለም ኢሜይል ግን በዚያ ቀን መሥራቱን ቀጥሏል።

ማስቶዶን ኦይገን ሮችኮ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ማንም በራሱ ሰርቨር ላይ ይጭነዋል፤ ሰርቨሮቹ የሚነጋገሩት የዌብ ደረጃዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ባጸደቀው አክቲቪቲፐብ በተባለ ፕሮቶኮል ነው። ነገሩ ከእድር ጋር ይመሳሰላል፤ እያንዳንዱ እድር የራሱ ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥና መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የአንዱ ሰፈር እድርተኛ ግን ሌላ ሰፈር ለቅሶ ከመድረስ የሚከለክለው የለም። እርስዎ በአንዱ ሰርቨር ተመዝግበው በሌላ ሰርቨር ያለ ሰው ሲከተሉ ሰርቨርዎ ለዚያኛው የመከተል ጥያቄ ያቀርባል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው በጻፈ ቁጥር የእርሱ ሰርቨር ጽሑፉን ወደ እርስዎ ሰርቨር የገቢ ሳጥን ይልካል።

መውጣትስ? በአዲሱ ሰርቨር ላይ አካውንት ይከፍታሉ፤ እዚያ የቀድሞ አድራሻዎን ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ወደ አሮጌው ተመልሰው «አዛውር» የሚለውን ያዝዛሉ። የተከታዮችዎ ሰርቨሮች ማስታወቂያው ሲደርሳቸው አሮጌውን ትተው አዲሱን እንዲከተሉ ያደርጋሉ። የድሮ ጽሑፎችዎ ግን ቅጂያቸውን አውርደው መያዝ ቢችሉም አብረዎት አይሄዱም፤ ይህ እስካሁን ያልተሟላ ጉድለት ነው። ብሉስካይ የተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ የሚጠቀምበት ሌላኛው ፕሮቶኮል ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነደፈ ቢሆንም በተግባር አብዛኛው ተጠቃሚ ዛሬም ያለው በአንዱ ኩባንያ ሰርቨሮች ላይ ነው። ተመራቂ ሲሆኑ የጥናት ርእስ ከፈለጉ ከእነዚህ ሁለት ፕሮቶኮሎች የተሻለ የለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኩዌት ነው። አገር ቤት ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜ እናቴን ለሳምንታት በቪዲዮ ሳላያት ቆይቻለሁ። ያልተማከለ ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው? (እኅታችሁ፣ ኩዌት)

መልስ፦ እኅታችን፣ አብዛኛው እውነት አይደለም፤ ተስፋ የሚሰጥ መልስ ለመስጠት ብዬ ላሳስትዎ አልፈልግም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ገደማ ታግደው በነበረበት ጊዜ የታገዱት በስም የታወቁ ጥቂት አገልግሎቶች ነበሩ፤ መረቡ ራሱ ይሠራ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በሺዎች ሰርቨሮች ላይ የተበተነ አገልግሎትን አንድ በአንድ ማገድ ከባድ ስለሆነ ያልተማከለው አሠራር ይጠቅማል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. እንደሆነው ኢንተርኔቱ በአገር ደረጃ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲቋረጥ ግን የተዘጋው መንገዱ ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የዓለም አቀፉ ግንኙነት በየብስ ተጉዞ እንደ ጂቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች ካለው የባሕር ውስጥ ኬብል ጋር ይገናኛል፤ እነዚህ መተላለፊያዎች ጥቂት ናቸው። መተላለፊያው ከተዘጋ ማስቶዶንም ሆነ ኢሜይል አያልፍም።

ስለዚህ ያልተማከለ ኢንተርኔት ስንል መተግበሪያውን ብቻ ሳይሆን ሽቦውንም ማሰብ አለብን። ከጎረቤታችን ኬንያ የምንማረው አለ። በናይሮቢ ያሉ አገልግሎት ሰጪዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ቦታ ስላልነበራቸው በከተማዋ ውስጥ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ የሚላክ መልእክት በሳተላይት አውሮፓ ወይም አሜሪካ ደርሶ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የጋራ የልውውጥ ማዕከል ከፈቱ። በዘመኑ ብቸኛ የዓለም አቀፍ ፈቃድ የነበረው ድርጅት መብቴ ተነካ ብሎ በማመልከቱ ማዕከሉ ወዲያው ተዘጋ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከፈጀ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቃድ አግኝቶ ሥራ ጀመረ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኬንያ ከሚተላለፈው መረጃ 70 በመቶ ገደማው ከአገር ሳይወጣ የሚደርስበት ደረጃ ላይ ተደርሶ ነበር። የአገር ውስጡ መረብ ከውጭው ጥገኛ አለመሆኑ ኬብል ሲበጠስ የባንኩም የሆስፒታሉም ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል።

ሕዝቡ ራሱ መረብ የሚዘረጋበት ምሳሌም አለ። በስፔን ካታሎኒያ እ.ኤ.አ. በ2004 በገጠር ለሚኖሩ ሰዎች ኩባንያዎች መስመር ባለመዘርጋታቸው የተጀመረው ጊፊ የተባለው የማኅበረሰብ መረብ ዛሬ ከ30,000 በላይ የግንኙነት ነጥቦች አሉት። ጣሪያ ላይ አንቴና የሚተክል ሰው የጎረቤቱን መረጃ ለማሳለፍ ይስማማል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። እንዲህ ያለ መረብ ግን ሕግ ሊፈቅደው፣ የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ አሰጣጡም ሊያስተናግደው ይገባል።

ለእርስዎ የዛሬ ችግር የሚረዳው ቀላል ነገር ነው፤ የቤተሰብዎንና የጎረቤቶቻቸውን መደበኛ ስልክ ቁጥር በወረቀት ይያዙ፤ ከኩዌት በቀጥታ ለመደወል የሚያስፈልግዎትንም ሂሳብ አስቀድመው ያዘጋጁ። በ2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ሳምንታት ብዙ ቤተሰብ የተገናኘው በዚሁ መንገድ ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ወዳጄ «ያልተማከለ የወደፊቱ ኢንተርኔት» ነው ብሎ ዲጂታል ሳንቲም እንድገዛ ይገፋፋኛል። እናንተ የምትጽፉትና ይህ አንድ ነው? (ነጋዴ፣ አዳማ)

መልስ፦ አይደለም። ኢሜይል፣ ዌብና ማስቶዶን ያልተማከሉ ሆነው ለዓመታት የሠሩት ማንም ሳንቲም ሳይገዛ ነው። የዲጂታል ሳንቲሞቹ መሠረት የሆነው ብሎክቼይን የራሱ ጥናትና የራሱ ክርክር ያለው ቴክኖሎጂ ነው፤ ለመናገር፣ ለመጻፍና ለመገናኘት ግን አያስፈልግም። አገልግሎቱን ከማሳየቱ በፊት ገንዘብዎን የሚጠይቅዎትን ሰው እባክዎ እንቢ ይበሉት።

ጥያቄ፦ በስቶክሆልም የምኖር የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ለአማርኛ ተናጋሪዎች ማስቶዶን ሰርቨር መክፈት አስቤያለሁ፤ መጫኑ አያስቸግረኝም። ምን ልጠንቀቅ? የጥላቻ ንግግር የሚነዙ ሰዎች ሰርቨር ቢከፍቱስ ማን ያስቆማቸዋል? (ፕሮግራመር፣ ስዊድን)

መልስ፦ ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው፤ አስፈላጊነቱን በአንድ ትንሽ ነገር ላሳይዎ። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2017 የጽሑፍ ገደቡን ወደ 280 ፊደል ሲያሳድግ የላቲን ፊደል እንደ አንድ፣ የእኛን ፊደል ጨምሮ ብዙ ሌሎች ፊደላት ግን እንደ ሁለት እንዲቆጠሩ አደረገ፤ አማርኛ ጸሐፊ በተግባር በ140 ቀረ። ይህን የወሰነ መሐንዲስ አማርኛን የጎዳ ሳይመስለው ያደረገው ይመስለኛል፤ ስለ አማርኛ የሚጠይቀው ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ እንዳልነበረ እገምታለሁ። በማስቶዶን መደበኛው ገደብ 500 ሲሆን አንዱ ፊደላችን እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ካነሰዎት ግን ሰርቨሩ የእርስዎ ነውና ገደቡን ይቀይሩታል። የመተግበሪያውንም ቃላት በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ሊተረጉም ይችላል።

መጫኑ ቀላሉ ክፍል መሆኑን ራስዎ ያውቃሉ። ሥራው ሰው ማስተዳደር ነው። በቋንቋችን የሚጻፍ ዛቻና ስድብ አብዛኛውን ጊዜ በምሳሌ፣ በቅጽል ስምና በታሪክ ጥቅስ ተሸፍኖ ይመጣል፤ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ማጣሪያ ማሽንም በዚህ በኩል ደካማ ነው። በእርስዎ ሰርቨር ላይ የሚፈርዱት ነገሩን የሚረዱ ሰዎች መሆናቸው ትልቅ ብልጫ ነው፤ ግን እነዚያ ሰዎች መኖር አለባቸው፤ ከአንድ ወገን ብቻም መሆን የለባቸውም። ሌሊት ሲተኙ የሚተካዎት በሌላ የሰዓት ቀጠና የሚኖር ሰው ከአሜሪካ ይፈልጉ።

ክፉ ሰርቨርን ከኢንተርኔት የሚያጠፋ አለቃ የለም፤ ይህን ደብቄ አልነግርዎትም። ነገር ግን ሌሎች ሰርቨሮች ግንኙነት ሊያቋርጡበት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጋብ የተባለው፣ በጽንፈኛ ተጠቃሚዎቹ የሚታወቀው ማኅበራዊ ሚዲያ፣ የማስቶዶንን ሶፍትዌር ወስዶ ሲነሣ አብዛኞቹ ሰርቨሮች አገዱት፤ ብዙ የሞባይል መተግበሪያዎችም እንዳይገባባቸው ከለከሉ። ድርጅቱ በራሱ ሰርቨር ላይ ቀጠለ፤ በሌሎቹ ሰዎች ገጽ ላይ ግን መድረስ አልቻለም። ይህ አሠራር ለእኛ ማኅበረሰብ የሚስማማ ይመስለኛል፤ የአገር ቤት ፖለቲካ በሚከርርበት ጊዜ ሁሉም በአንድ መድረክ ላይ እንዲጯጯህ ከማስገደድ ይልቅ እያንዳንዱ ቤት ማንን እንደሚያስገባ ራሱ ይወስናል።

በዋናው የማስቶዶን ድረ ገጽ ላይ የሚዘረዘሩ ሰርቨሮች የሚገቡት ቃል ኪዳን አለ፤ ባይዘረዘሩም እርስዎ እንዲከተሉት እመክራለሁ። ዘረኝነትንና መሰል ጥላቻን በንቃት መቆጣጠር፣ በየቀኑ ቅጂ ማስቀመጥ፣ ከእርስዎ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው በአደጋ ጊዜ ሰርቨሩን ማንቀሳቀስ እንዲችል ማድረግ፣ መዝጋት ካለብዎት ደግሞ ሦስት ወር አስቀድሞ ማስታወቅ ናቸው። አራተኛው በተለይ ተራ ነገር አይምሰልዎ። ብዙ በጎ ፈቃደኞች ሰርቨር ከፍተው ሲደክማቸው ወይም ገንዘብ ሲያጥራቸው በድንገት አጥፍተውታል፤ ተጠቃሚዎቻቸውም ሊሸሹት በነበረው ዓይነት አደጋ ላይ ወደቁ። ለጥቂት መቶ ሰዎች የሚሆን ሰርቨር በትንሹ ይጀመራል፤ ከሌሎች ሰርቨሮች የሚመጡ ፎቶና ቪዲዮዎች ቅጂ እየተከማቸ ሲሄድ ግን የማስቀመጫው ወጪ ያድጋልና አሮጌው ቅጂ በየሳምንቱ እንዲጸዳ ያዘጋጁት።

ወጪውን ከኪስዎ ብቻ አይሸፍኑ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ምን ያህል እንደወጣና ማን እንዳዋጣ ለአባላቱ በግልጽ ይለጥፉ፤ መዋጮውንም በውዴታ ያድርጉት። ደንቡን በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ላይ ከመገልበጥ ይልቅ ከሚያስተዳድሩት ሰዎች ጋር ተቀምጠው በአማርኛ ይጻፉት፤ የሚያከራክረው ነገር ሁሉ የሚነሣው ያን ጊዜ ነውና፣ ሰርቨሩ ከመከፈቱ በፊት መነሣቱ ይሻላል። ሲከፍቱ አድራሻውን ይላኩልን፤ በዚህ ዓምድ ለአንባቢያን እናስታውቃለን።